ሰሚራን ሳላስጨርሳት

ይህ የሆነው ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ጄኔቭ ውስጥ፣ በረዶ በሚጥልበት ወቅት ነው። በሕይወቴ ሰው አዋርዶኝ ያውቃል። ያን ቀን ግን ማንም ሳያዋርደኝ ተዋርጃለሁ። ስለዚህ ነው ትዝ ባለኝ ቁጥር ብቻዬን ብሆንም ፊቴን የምሸፍነው።

የምኖረው ዙሪክ አጠገብ፣ ዲቤንዶርፍ ነው። በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ልብስ አጥባለሁ። ከሀገር የወጣሁት ታናሽ ወንድሜ ከምርጫው በኋላ ከቤት ተወስዶ ወራት ታስሮ ሲፈታ ነው። ወጣ እንጂ እንደ ድሮው አልሆነም፤ ሰው ሲጠራው ይደነግጣል። እኔም ባለሥልጣን የሚባል ስም ስሰማ ደሜ ይፈላል። በዚያ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ወሬ እስኪያልቅ መታገስ አልችልም። እናቴ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ስትለኝ ነው ያደግኩት።

ሰሚራ የወሎ ልጅ ናት። የተዋወቅነው በስደተኞች ካምፕ ሲሆን እንደ ታናሽ እህቴ ነው የማያት። እሷን ጄኔቭ መደቧት፤ ኦኔ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፣ ግራንድ ሳኮኔ የሚባል ሌላ ሰፈር ባለ አንድ ሆቴል ደግሞ ቁርስ ታቀርባለች። ያኔ የነበራት ኤፍ ፔርሚ ነው፤ ጊዜያዊ የመኖሪያ ፈቃድ። ቤ የሚባለውን ደህናውን ፔርሚ ለማግኘት ሥራዋ ላይ መቆየት ነበረባት። ደሴ እናቷ ጋ የተወቻትን ልጇን ማምጣት የምትችለው ያን ስታገኝ ብቻ ነው። ይህን እኔ አሳምሬ አውቃለሁ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከሥራ ቦታዋ፣ ዕረፍት ላይ ሆና ደወለችልኝ። ደስ ብሏታል።

«እትዬ ጽጌ፣ ጉድ ልንገርሽ። እኛ ሆቴል አንድ ስቴት ሚኒስተር አርፈዋል፣ አብርሃም ነው ስማቸው። በአማርኛ እንደምን አደርሽ አሉኝ እኮ። እና...»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ስቴት ሚኒስተር ማለት በእንግሊዝኛ የእኛው ሚኒስትር ዴኤታ ነው፤ ባለሥልጣኖቻችን ካርዳቸው ላይ እንደዚያ ያስጽፋሉ። አብርሃም የሚባል ሚኒስትር ዴኤታ መኖሩን እንኳ አላውቅም ነበር። ስሙ የእኛ፣ ማዕረጉ የእኛ፣ አማርኛው የእኛ። ሌላ ምን ማጣራት ያስፈልጋል?

«መቼ ነው የሚወጣው?» አልኳት።

«ከምሳ በኋላ ስብሰባ አላቸው፣ መኪና ይመጣላቸዋል። ግን እትዬ፣ አላስጨረስሽኝም...»

«ጨርሰሻል የኔ እናት» ብዬ ዘጋሁት።

ከድርንና ጸዳለን በስልክ ከአልጋ አስነሳኋቸው። ሁለቱም ዙሪክ ያሉ ጓደኞቼ ናቸው፤ እነሱም እንደ እኔ ሆዳቸው የቆሰለ። ባቡር ላይ ከድር «መጀመሪያ ማን እንደሆነ እንወቅ» ቢል «ፈሪ ለእናቱ» አልኩት። ሰሚራ ጋ ብንደውል አታነሳም። ሥራ ላይ ስትሆን ስልኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ነው የምትቆልፈው።

ሆቴሉ ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ቆመን ጠበቅን። ብርዱ አጥንት ይገባል። ጥቁር መኪና መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ወዲያው ከሆቴሉ አንድ ጠይም ሽማግሌ ወጣ። ረጅም ጥቁር ካፖርት ለብሷል፣ ባርኔጣው እስከ ቅንድቡ ወርዷል፣ አንገቱና አገጩ በሻርብ ተጠቅልለዋል። ስለ ወንድሜ አሰብኩ። ከዚያ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮህኩ።

«ሌባው አብርሃም! ሌባ!»

ጸዳለና ከድርም ተቀበሉኝ። ሰውየው መኪናው በር ላይ ቆመ። ዞሮ አየን። እኔ ሮጦ ይገባል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ሾፌሩን በእጁ ጠብቀኝ ብሎ መንገዱን ተሻገረና ወደ እኛ መጣ። ሻርቡን ከፊቱ ላይ ዝቅ አደረገ፣ ሁለት መዳፎቹን ደረቱ ላይ አጋጠመ።

ህንድ ነው።

እኔ አፌን እንደከፈትኩ ነኝ።

«ጤና ይስጥልኝ» አሉ ሰውየው። የድሮ የህንድ አስተማሪዎች አማርኛ ነው፣ ቃሉን ሁሉ የሚያጠብቁት። «ሰሚራ የነገረችኝ ጽጌ ማን ናት? አንቺ ነሽ? በስልክ ሰላምታ ብቻ ነበር የፈለግኩት። በዚህ ብርድ ከዙሪክ ድረስ መጣሽ?»

ሰሚራ ያላስጨረስኳት ወሬ ይኸው ነበር። ሰውየው በወጣትነታቸው ደሴ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ሰሚራ የደሴ ልጅ መሆኗን ሲሰሙ እንባ ቀረሽ ሆነው፣ አማርኛ የሚያወራኝ ሌላ ሰው ፈልጊልኝ ብለዋት ነው የደወለችልኝ። ህንድ ውስጥ ስቴት ማለት እንደ እኛ ክልል ነው። እሳቸው የአንድ የደቡብ ህንድ ክልል ሚኒስትር ናቸው፣ የእኛን ሚኒስትር ዴኤታ በዓይናቸውም አይተውት አያውቁም። ክርስቲያን ስለሆኑ ስማቸው አብርሃም ነው። የአባታቸውን ስም እዚህ አልጽፍም፤ እሱም ቢሆን የእኛው ስም ነው።

ወዲያው የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ እየተቆጣች መጣች። ሰሚራ ከነሽርጧ ከኋላዋ በሩ ላይ ቆማለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። እዚያ ሆቴል ሐበሻ እሷ ብቻ ናት።

«እንግዳችን እዚህ ማረፋቸውን ለእነዚህ ሰዎች ማን ነው የነገረው?» አለች ሥራ አስኪያጇ በእንግሊዝኛ፣ ሰሚራን እያየች።

አይታኝ የማታውቅ፣ ደሴ ያለች የሰሚራ ልጅ በእኔ ጩኸት እናቷን ልታጣ ነው። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ እንዳልል፣ እንዴት አወቅሽ ስባል የምመልሰው የሰሚራን ስም ነው።

«እኔ ነኝ የጠራኋቸው» አሉ ሽማግሌው። «የተማሪዎቼ ልጆች ናቸው። በእኔ ሂሳብ ሻይ ይምጣላቸው።»

ሥራ አስኪያጇ ይቅርታ ጠይቃ ገባች። ሰሚራ በሩን ተደግፋ ቀረች፤ እኔን ቀና ብላም አላየችኝ።

ሻዩን ራሷ ሰሚራ ናት ያቀረበችልን። ሰውየው ግማሽ በአማርኛ፣ ግማሽ በእንግሊዝኛ ስለ ራሳቸው አጫወቱን። ከደሴ ሀገራቸው ተመልሰው በመንደር ምክር ቤት ጀመሩ። ለክልሉ ምክር ቤት ሲወዳደሩ ተሸንፈዋል፤ ደግመው ተወዳድረው አሸነፉ፣ የመስኖ ሚኒስትርም ሆኑ። ከዚያ በአንድ ግድብ ምክንያት ሌባ ተባሉ። ማንም ሳያወርዳቸው ወንበሩን ለቀቁ። ነጻ ናቸው ተብሎ እስኪፈረድላቸው ድረስ ሚስታቸው ገበያ መውጣት አቁማ ነበር። ሕዝቡ መልሶ መረጣቸው፤ ሚስታቸው ግን ያን ሳታይ ሞተች።

«እንግዲህ ስንጮህ ያልነውን አልሰሙትም» ብዬ በልቤ መጽናናት ጀምሬ ነበር።

ሻያቸውን አስቀመጡ። «ሌባ የሚለውን ቃል ደሴ ነው የተማርኩት» አሉ። «ልጆቹ ጠመኔ ሲሰርቁ ጓደኞቻቸው እንደዚያ ይሏቸው ነበር። ሀገሬ ውስጥ በብዙ ቋንቋ ብለውኛል። በአማርኛ ግን ዛሬ ነው።»

ከድር ወለሉን አየ። እኔ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሌላ ሰው መስለውኝ ነው» አልኩ። ከአፌ እንደወጣ ራሱ አስጠላኝ።

አልተቆጡም። «ያ ሌላው ሰው ምን አደረገሽ?» ብለው ጠየቁኝ። ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው። መኪናው እየጠበቃቸው፣ ስብሰባቸው እየረፈደባቸው፣ አንዴም ሳያቋርጡኝ እስክጨርስ ሰሙኝ።

ሰሚራ ሥራዋ ላይ ቀጠለች። ቤ ፔርሚዋን አገኘች፣ ልጇም መጥታ ዛሬ ከአማርኛ ይልቅ ፈረንሳይኛ ይቀናታል። ሰሚራ ለረጅም ጊዜ አኩርፋኝ ነበር። ከታረቅን በኋላ ግን ወሬ ልትነግረኝ ስትደውል የምትጀምረው ከመጨረሻው ነው። «እትዬ ጽጌ፣ መጀመሪያ ህንድ ነው» ትለኛለች፤ ከዚያ ወሬው ይቀጥላል። እሷ ትስቃለች። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ግን ጆሮዬ ድረስ ይሞቀኛል።

ወንድሜን እንደዚያ ባደረጉት ሰዎች ላይ አሁንም ተናድጃለሁ፤ ንዴቱ አልለቀቀኝም። የሚያሳፍረኝ ሌላ ነው። ሽማግሌው ሊሄዱ ሲነሡ የወንድሜን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። አጠራሩ እንዳይበላሽባቸው እያስተካከሉ ደጋገሙት፤ እጸልይለታለሁም አሉኝ። እኔ የእሳቸውን ስም የጠራሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ያውም መንገድ ላይ ቆሜ።