ጂዳ ደርሶ የተመለሰ ካሴት

ልጅ እያለሁ፣ አራዳ ካለው ቤታችን ሙዚቃ የሚገባን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔና የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ሰይድ። ይኼን ሳስብ ዛሬም እናደዳለሁ። ጋሼ ሰይድ ሱዳን ሄዶ ሲመለስ፣ እዚያ ሙዚቃ ቤት ያስቀዳውን ካሴት ይዞ መጣ፤ በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ዓመታት የተሠራ ለስላሳ ሮክ፣ የባንዱ ስም እንኳ ያልተጻፈበት። ከሚሠራበት የጨርቅ ሱቅ መልስ፣ ልብሱ አዲስ ጨርቅ አዲስ ጨርቅ እየሸተተ፣ ፍራሹ ላይ ጋደም ይልና ይከፍተዋል። እኔ የቤት ሥራዬን ይዤ አጠገቡ እቀመጣለሁ። ጊታሩ አይጮህም፣ ዘፋኙ አይቸኩልም። ቃሉ አንድም አይገባኝም፤ ሆዴ ግን ይባባ ነበር።

ሌላው ቤተሰብ «እንቅልፍ» ነበር የሚለው። ጎረቤት ሳይቀር ብቅ እያለ «ኧረ እስክስታ ያለው ነገር ክፈቱልን» ይላል። አንዲት ዘፈን እስከ መጨረሻዋ ቁጭ ብሎ የሰማ አልነበረም። ሳይሰሙ ነው የሚፈርዱት።

አንድ ቀን ጂዳ ላለችው አክስቴ ለዘይነባ መልእክት የሚያደርስ መንገደኛ ተገኘ። ያኔ ደብዳቤው በድምፅ ነበር፤ ቤተሰቡ ቴፑን ከቦ ተራ በተራ ሰላምታውን ካሴት ላይ ይቀዳል። ሰውየው ሊነሳ ነው፣ ባዶ ካሴት የለም። ጋሼ ሰይድ ሱቅ ነበር፤ እማዬ የእሱን ካሴት አንስታ ሰጠችኝ።

«እማዬ፣ ይኼማ የጋሼ ሰይድ ነው» አልኳት።

«ምነው ታዲያ? እህቴ የኔን ድምፅ ትስማ እንጂ ፈረንጅ ሲያላዝን ልትሰማ ነው?»

ጋሼ ሰይድ ማንም እንዳይቀዳበት ብሎ ካሴቱ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት የፕላስቲክ ጥርሶች ሰብሯቸው ነበር። ቀዳዳው በወረቀት ከተወተፈ እንደሚቀዳ ከቤቱ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። «አይቀዳም» ብዬ ብዋሽ ኖሮ ነገሩ ያበቃ ነበር። ከደብተሬ ቀደድኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ወተፍኩ። የሚጠፋው ፊቱ ብቻ ነው፣ ጀርባው ይተርፋል እያልኩ ራሴን አጽናናሁ።

ምን ዓይነት ቂልነት ነው። መልሱ በዚያው ካሴት ጀርባ ተቀድቶ እንደሚመጣ የማያውቅ የሰፈራችን ልጅ አልነበረም። ከሁለት ወር በኋላ ካሴቱ ሲመለስ፣ ጋሼ ሰይድ የተረፈውን ዘፈን ሊሰማ ከሁሉም ቀድሞ ተቀበለና በጀርባው ቴፑ ውስጥ ከተተው። አክስቴ «አሰላሙ አለይኩም፣ እንዴት ናችሁ» ማለት ጀመረች። ጂዳም ወረቀት የሚወትፍ አልጠፋም። ጋሼ ሰይድ ሰላምታው እስኪያልቅ ሰማ። ከዚያ ካሴቱን አውጥቶ ለእማዬ ሰጣት፤ ቢገርፈኝ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ አለ። ስሙን ስለማላውቅ ዓመታት ፈጀብኝ እንጂ አልበሙን አገኘሁት። ከሥሩ «አሰልቺ ነው»፣ «ከሥራዎቻቸው ሁሉ ደካማው» ብለው የጻፉትን ሳነብ ደሜ ፈላ፤ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ሳምንት ሙሉ ተጨቃጨቅሁ። ከዚያ ለጋሼ ሰይድ ይዤለት ሄድኩ። ፀጉሩን ሽበት ወርሶታል። ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት ዘፈን ሰማና ስልኩን መለሰልኝ።

«ሸጋ ነው። የኛው ግን አይደለም፤ ይኼ ይቸኩላል።»

ተናደድኩ። ቤቴ ገብቼ ደግሜ ስሰማው ግን እውነቱን ነው። ሱዳን የቀዳለት ሰው ማሽኑ ብልሽት ነበረበት መሰለኝ፣ ዘፈኑን አጓትቶ ነው የቀዳው። እኛ የወደድነው ያንን የተጓተተውን ነበር። ሰው ሁሉ ተሳስቷል እያልኩ የምሟገትለት አልበም ለካ የትም የለም። የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ጋሼ ሰይድ ደግሞ እያረጀ ነው።