የጭፈራው ምንጣፍና የወንድሜ ስፌት

ከንፈር መጣጭ አልወድም። ዛሬም አልወድም፤ ያኔማ ብችል ኖሮ የሁሉንም ከንፈር በመርፌ እሰፋው ነበር። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ወደ ሲቀላ ቁልቁል ስንወርድ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ ቀኝ እግሬ ተሰበረ። ጄሶው ሲፈታ እግሬ ቀጥኖ፣ የእኔ አልመስል ብሎኝ ቁጭ አለ። ከዚያ ቤታችን የለቅሶ ቤት ሆነ። ዘመድ ከጫኖ ሙዝ ተሸክሞ ይመጣል፣ የመሥሪያ ቤት ሰው ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል። ሁሉም እግሬን አይቶ ከንፈሩን ይመጥጣል። «እንዲያ ስትጨፍር የነበረች ልጅ!» ይላሉ፣ እኔ የሌለሁ ይመስል። ከዚያ ያመጡትን ሙዝ ራሳቸው እየላጡ ይበሉታል።

የሚያንገበግበኝ ነገር እውነታቸውን መሆኑ ነው። እጨፍር ነበር። እኛ ዓመቱን ሙሉ የምንለፋው ለመስቀል ነው፤ ቅቤው የሚጠራቀመው፣ በሬው የሚቀለበው ለመስቀል ነው። በዓሉ ሲደርስ ወደ ዶርዜ እንወጣለን፣ ገበያው ሜዳ ላይ ክብ ይሠራል፣ የሰፈራችንን ሴቶች ረድፍ የምመራው እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ያን ክረምት በልቤ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ መስቀል ሲደርስ ክቡ ውስጥ እገባለሁ ወይስ ዳር ተቀምጬ ከንፈር ይመጠጥልኛል? ዳር ከምቀመጥ ብሞት ይሻለኝ ነበር።

ሆስፒታል እግሬን የሚያየው ባለሙያ «አሠሪው፣ በግቢሽ ውስጥ ወዲያ ወዲህ በይበት» አለኝ። ድንቄም! ጎረቤት በአጥር እያሾለከ ሲያየኝ እንደ ዳክዬ ልንገዋለል? ሲቀላ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ያየሁት እንዲህ ተናድጄ ስመለስ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀስቶች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ መሬት ላይ ደግሞ አራት ቀስት የተሳለበት ምንጣፍ ተነጥፏል። ባለሱቁ ሲያስረዳኝ፣ ምንጣፉ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል፣ ሙዚቃው ሲመታ የታየውን ቀስት በእግር መርገጥ ነው፣ በሰዓቱ ከረገጡ ይጨበጨባል። በር ዘግቼ እግሬን ላሠራበት የምችለው ነገር ይሄ ነው አልኩ። ባለሱቁ «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። እሱ ዘንድ ኦሪጅናል ያልሆነ ነገር አይቼ አላውቅም፤ የተሰነጠቀው ባልዲ ሳይቀር ኦሪጅናል ነው።

በማግስቱ ታላቅ ወንድሜ አብሮኝ መጣ። ወንድሜ ሸማኔ ነው፤ ግቢያችን ውስጥ የሽመናው ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ ጋቢ ሲሠራ ነው ዕድሜው ያለፈው። በእኛ ቤት የሚነጠፍም ሆነ የሚለበስ ነገር ሸማኔ ሳይዳስሰው አይገዛም። የሚለብሰው ሌላ፣ የሚመርጠው ሸማኔው። ሕጉ እንዲህ ነው፣ ማንም አይከራከረውም።

ባለሱቁ ሁለት ምንጣፍ አወጣ። አንዱ ወፍራም፣ ሆዱ ስፖንጅ ያለው፣ የጎማ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ አስቀያሚ ነገር ነው። ሌላው ስስ፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ። እኔ ወዲያው ወፍራሙን ያዝኩ።

«ይኼኛው ነው፣ ጋሼ። ሲሚንቶ ላይ አይንሸራተትም።»

«አንቺ ዝም በይ» አለኝ። ስሱን አነሣ፣ ጠርዙን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አደረገው፣ ወደ በሩ ወስዶ በፀሐይ አየው፣ ጉንጩ ላይ አስነካው። ኧረ ጉንጩ ላይ! ከዚያ ወፍራሙን ነካና ፊቱን አጨማደደ። «የዚህ ድሩ ሻካራ ነው።»

«ጋሼ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው! ፕላስቲክ ምን ድር አለው?»

«ድር የሌለው ነገር የለም።»

ባለሱቁ ሳቁን ለመደበቅ ካርቶን ውስጥ ጭንቅላቱን ከተተ። እኔ «እሺ፣ ሁለቱንም ረግጬ ልሞክራቸው» ብዬ ጫማዬን ላወልቅ ስል ወንድሜ ክንዴን ያዘኝ። ያልተገዛ አዲስ ነገር በእግር ይረገጣል እንዴ? የሰው ልፋት ነው፣ ነውር ነው! እንግዲህ ፍረዱኝ፤ ለመረገጥ የተሠራ ነገር ሳይረገጥ ተመረጠ፣ በጉንጭ ተመርጦ ተገዛ። ስሱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወጣ፣ እኔ እያነከስኩና በሆዴ እየረገምኩት ተከተልኩት።

ቤት ስንደርስ የሆነው ያልኩት ነው። ምንጣፉ ሲሚንቶው ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ወደ ግራ ስረግጥ እሱ ወደ ጓዳ ይሄዳል፤ ይሸበሸባል፣ እግሬ ላይ ይጠመጠማል። ቀኝ እግሬ ደግሞ ቀስቱ ካለፈ በኋላ ነው የሚደርሰው። ያኔ ከቴሌቪዥኑ ውስጥ አንድ የማይታይ ሕዝብ «ኡኡኡኡ!» ብሎ ይጮህብኛል።

ጨዋታውን ወድጄው ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? ሲቀላ ውስጥ እውነቱን የነገረኝ እሱ ብቻ ነው። ከንፈር አይመጥጥም፣ «አይዞሽ» አይልም፣ ሙዝ አያመጣም። ካልረገጥሽ አልረገጥሽም ነው። እኔም እሰድበዋለሁ፣ እሱም ይጮህብኛል፣ ተከባብረን እንውላለን። መብራት ሲጠፋ እንኳን የሚናፍቀኝ እሱ ነበር። አንድ ቀን ግን ምንጣፉ ከሥሬ ሸሽቶ በቂጤ ዘጭ አልኩ፤ ወንድሜ ከሽመናው ተነሥቶ ሮጦ መጣ። ምንም አልሆንኩም፤ ግን በንዴት ጓዳ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ከመሥሪያ ቤት ስመለስ ምንጣፉን ከአንድ አሮጌ ቡልኮ ጋር ሰፍቶት አገኘሁ። ቡልኮ ታውቃላችሁ፤ ደጋ ላይ የሚለበሰው ከባዱ የጥጥ ብርድ ልብስ። ዙሪያውን እንደ ጋቢ ጠርዝ አሳምሮ ሰፍቶታል። «አሁን አይሸሽም» አለኝ። እውነትም አልሸሸም። ደግሞ ጉድ ፈላ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎበዝ ሆንኩ! ቀኙ ቀስት ሲመጣ ይጨበጨባል፣ ይፏጫል። «ኡኡታው» ጠፋ። ወንድሜ ጎረቤቱን ሁሉ እየጠራ ያሳያል። «ድናለች! ቴሌቪዥኑ ራሱ መሰከረ!» ይላል። ከንፈር ሲመጥጡ የከረሙት ሁሉ አሁን እልል ይላሉ። መስቀል እየቀረበ ነው፣ እኔም ክቡን መምራት በህልሜ ጀምሬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ደከመኝና ቀኝ እግሬን ወንበር ላይ ሰቅዬ በግራዬ ብቻ መታ መታ አደረግሁ። የቀኙ ቀስት መጣ። ተጨበጨበ። ደገምኩት፤ እግሬ ወንበር ላይ ተጋድሟል፣ እነሱ «ጎበዝ!» ይሉታል። ምንጣፉን ከነቡልኮው ገለበጥኩት። በቀኙ ቀስት ሥር፣ ከጠርዙ በጣም ርቆ፣ አንድ ድፍን ቋጠሮ አለ። ላይና ታቹን ስለሚያጣብቀው፣ ምንጣፉ በተነቃነቀ ቁጥር ቀኙ በራሱ እንደተረገጠ ይቆጠራል። ወንድሜ በዕድሜው እንዲህ ያለ አስቀያሚ ቋጠሮ ቋጥሮ አያውቅም።

«ጋሼ!» ብዬ ስጮህ ግቢው ተናወጠ። የክር መቀሱን እንደያዘ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«አውቀህ ነው?»

መሬት መሬት አየ። «ስሰፋው ስቼ ወጋሁት። ስሞክረው በግራ ስረግጥ ቀኙም ነካ። ልፈታው ነበር።»

«ታዲያ?»

«ጓዳ ገብተሽ ስታለቅሺ ሰምቼሻለሁ» አለ። «ያ ጩኸት እንዲያ ሲያስለቅስሽ… አንጀቴ አልቻለም።»

ከሁሉም ሰው ጠብቄ ከእሱ ያልጠበቅሁት ነገር! ያን ሁሉ ጊዜ ከንፈሩን አንድም ቀን ያልመጠጠው ወንድሜ በክር መጠጠልኝ። የፈለግሁትን ያህል ሰደብኩት፤ ሽመናውን፣ ጣቱን፣ ጉንጩን ሳይቀር ሰደብኩበት። ከዚያ መቀሱን ከእጁ ተቀብዬ ቋጠሮውን በጠስኩት። ምንጣፉ ላይ ወጣሁ። ቀኙ ቀስት መጣ፣ እግሬ ዘገየ፣ ሕዝቡ «ኡኡኡኡ!» አለ። «ሰማህ?» አልኩት። «እኔ የምፈልገው ይሄንን ነው። ያለቀስኩት በጩኸቱ መሰለህ? ስለወደቅሁ ነው። እኔን ከወደድክ እንዲህ ጩህብኝ።» እሱም ወደ ሽመናው ተመለሰ፣ እኔም እስከ መስቀል ድረስ እየተጮኸብኝ ረገጥኩ።

መስቀል ደረሰ፣ ዶርዜ ወጣን። እግሬ ድኗል ብዬ አልዋሽም፤ የምመረኮዝበትን ከዘራ ለአክስቴ ሰጥቼ እያነከስኩ ክቡ ውስጥ ገባሁ። መምራቱ ቀርቶብኝ መሐል ተሰለፍኩ። ዘፈኑ ሲፈጥን ቀኝ እግሬ ዘገየ፣ ረድፉ ተዛነፈ። ወዲያው ከዳር ዳር ያ የማውቀው የከንፈር ድምፅ መጣ። አንዷማ እጇን ዘርግታ ልታወጣኝ ተጠጋች።

ይሄኔ ከወንዶቹ መሐል አንድ ሰው በሁለት እጁ አፉን ከቦ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ «ኡኡኡኡ!» አለብኝ።

ሰው ሁሉ ደንግጦ ዞረ። ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «አብደሃል? በታመመች እህትህ?» ብለው ጮኹበት፣ አንዱ ክንዱን ይዞ ጎተተው። ወንድሜ ግን ዓይኑን ከእግሬ አልነቀለም፣ ፊቱን ሳየው እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ሳቄ መጣ። የዘረጋችልኝን እጅ ገፋሁና ቀኙን ረገጥኩ።