ባንክ ያልቆጠረው ቤት

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። ጭሮ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት ባለ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት አለኝ። ልጆቹ ሲያድጉ ጠበበን። ባለቤቴ ተመዝግበን የኮንዶሚኒየም ዕጣ እንጠብቅ አለ። እኔ መጠበቅ አልወድም፤ ብድር ጠይቄ በብሎኬት ልገነባ ባንክ ሄድኩ።

የብድር ሠራተኛው ገና ተዛውሮ የመጣ፣ ሸሚዙን እንደ ወረቀት የተኮሰ ሰው ነው።

"መያዣ የሚሆን ቤት አለዎት?"

"አለኝ፣ የምኖርበት።"

"ከምንድነው የተሠራው?"

"ከጭቃ።"

ፈገግ አለ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "እሱማ ቤት አይባልም፤ ጭቃ ነው" አለኝ።

ፊቴ ጋለ። አባቴ በገዛ እጁ የመረገው፣ እኔ የተወለድኩበት ቤት! ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። ጭቃ ከሆነማ በጭቃ እቀጥለዋለሁ አልኩ። እቁብ ሲደርሰኝ እንጨትና ቆርቆሮ ገዛሁ፤ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ቅዳሜ ቅዳሜ እየዘመሩ ጭቃውን ረግጠው አቦኩልኝ። ሁለት ክፍል ጨመርኩና አንዱን እንዲያከራይልኝ ለደላላ ነገርኩ።

በሳምንቱ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። "አዴ፣ ጨዋ ተከራይ አመጣሁልሽ" አለ ደላላው። ከኋላው የወረደው ያ የባንክ ሰው ነበር። አላወቀኝም። ተዛውሮ ከመጣ ጀምሮ ቤት አጥቶ ሆቴል ማደር አንገሽግሾታል። ክፍሉን ዞሮ አየ፣ ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና፣ "ቤቱን ወድጄዋለሁ፤ ዛሬውኑ እገባለሁ" አለኝ።

እጄን አጣምሬ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ይሄማ ቤት አይባልም፣ ጌታው፤ ጭቃ ነው። ካላመኑኝ ባንክ ሄደው ይጠይቁ።"