የግራጫው ሳህን

እናቴ እህል በረንዳ ጤፍ ትነግድ ነበር። ኢሕአዴግ ከገባ ቆየት ብሎ፣ ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ በነበረበት ጊዜ፣ የመጋዘናችን ጓሮ የድመት መጠለያ ሆነ። ማንም አስቦበት አይደለም። እህል ያለበት አይጥ አይጠፋምና ነጋዴው ሁሉ ድመት ያሳድጋል፤ ሲያረጁ ወይም ሲበዙበት ግን እናቴ ጋ ጥሎ ይገላገላል። እሷ እንደሆነች እምቢ ማለት አታውቅም። ስነጫነጭ "ምን አደረጉሽ?" ትለኛለች። ምን ያላደረጉኝ! ልብሴ ሁሉ ፀጉር በፀጉር ነበር።

ምግባቸውን የምታቀርበው በአንድ ትልቅ ትሪ ነው። ሳንባ ቀቅላ፣ ከትፋ፣ ከእንጀራ ፍርፋሪ ጋር ትለውስላቸዋለች። ለየብቻ ማቅረብ ለእሷ ነውር ነው። እኛም ቤት እንግዳው፣ ተሸካሚው፣ ሁሉም ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው። አዲስ ድመት ሲመጣ ወደ ትሪው ታስጠጋውና ሌሎቹ ቦታ እስኪለቁለት ቆማ ትጠብቃለች። ከዚያ በኋላ ቤተኛ ነው።

አንድ ክረምት ድመቶቹ መክሳት ጀመሩ። ድዳቸው ነጣ። አንዱ ሞተ፣ ሳይቆይ ሌላው ተከተለ። እናቴ የአይጥ መርዝ መስሏት ጎረቤቱን ሁሉ ጠረጠረች። እኔ የእንስሳት ሐኪም አመጣሁ። ደማቸውን ወስዶ አስመረመረና የድመት ሉኪሚያ የሚባል፣ ቫይረስ የሚያመጣው የደም በሽታ ነው አለን። ሰው አይዝም፤ ከድመት ወደ ድመት ግን በምራቅ ይተላለፋል፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም። በሽታው ካለባቸው በሕይወት የቀረው ግራጫው ብቻ ነበር፤ እናቴ ጤፍ ስታስመዝን እግሯ ሥር የሚተኛው፣ የምትወደው ግራጫው። ትንንሾቹ ገና አልተያዙም።

"እትዬ፣ ይሄንን ለብቻው ያድርጉት፤ ሳህኑም የራሱ ይሁን። አለበለዚያ ትንንሾቹንም ያጧቸዋል" አላት ሐኪሙ።

"ምን አጥፍቶ?" አለች እናቴ።

ሐኪሙ ከሄደ በኋላ እኔ ላይ ተቆጣች። እኔም አልተውኳትም፤ ትንንሾቹ ትሪው ላይ ከግራጫው ጋር ሲሻሙ አሳየኋት። በማግስቱ አሮጌ ሚዛን የምናስቀምጥባትን ጠባብ ክፍል ጠርጋ፣ ጆንያ አንጥፋ፣ ግራጫውን አቅፋ አስገባችውና እያለቀሰች በሩን ዘጋች። ሌሎቹ ሲበሉ እየሰማ ሲጮህ ዋለ። የእሱ ሳህን ሳይነካ ተመለሰ። ድመት የማልወድ እኔ እንኳን አንጀቴን በላው።

በሚቀጥለው ቀን ምሳ ቀርቦ እናቴ ቀረች። አባቴ "የት ሄደች?" ሲል ልፈልጋት ተነሳሁ። ጠባቧ ክፍል ውስጥ ጆንያው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ምሳዋን በሳህን ይዛለች፤ አጠገቧ የግራጫው ሳህን አለ። አንድ ጊዜ ትጎርስና እሱን ትጠብቀዋለች። እሱም እየበላ ነበር።

"ምነው ለብቻሽ?" አልኳት።

"ለብቻዬ አይደለሁም" አለች።

ትንንሾቹ ተረፉ። ግራጫው እስኪሞት ድረስ ግን እናቴ ከእኛ ጋር ምሳ አልበላችም።