ሰንበት የገባበት ሬዲዮ

ሰጉላ በሚባለው የፔታህ ቲክቫ የፋብሪካ ሰፈር ውስጥ ጠዋት ጠዋት ከማጸዳቸው ወርክሾፖች አንዱ የያኮቭ ነው። ያኮቭ ሰማንያ የተጠጋ፣ ፊቱ ቁጡ ሆዱ ግን ቡቡ የሆነ ሽማግሌ ሲሆን፣ ሥራው ዛሬ ብዙ ሰው የማይፈልጋቸውን የድሮ ሬዲዮዎች መጠገን ነው፤ እነዚያን የልብስ ሣጥን የሚያካክሉትን፣ በሆዳቸው ውስጥ እንደ ትንንሽ አምፑል ቀስ ብለው የሚግሉ ብርጭቆዎች ያሏቸውን። አንድ ቀን ወለሉን ስወለውል አንዱን ለሙከራ ከፈተውና ከድምፁ በፊት ሽታው መጣ፤ የጋለ አቧራ፣ የሞቀ እንጨት። መወልወያዬን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። «ያላ፣ በይ፣ ቁጭ በይና ውኃ ጠጪ» አለኝ ያኮቭ ደንግጦ። ወንድሜ ሸተተኝ ብዬ እንዴት ልንገረው?

ጎንደር ከተማ ዳር በነበረው ቤታችን እንዲህ ያለ ሬዲዮ ነበረን። አባቴ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ የመስኮት ብረት የሠሩለት አንድ አስተማሪ ከከተማው ሲዛወር ትቶላቸው የሄደ ነው፣ ያኔም ቢሆን ያረጀ። ሲከፍቱት ወዲያው አይናገርም፤ መጀመሪያ ያስባል። እኛ ልጆቹ በጀርባው ቀዳዳዎች አጮልቀን ብርጭቆዎቹ ሲቀሉ እያየን «ነቃ! ነቃ!» እንባባላለን፤ ከዚያ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ አዛውንት ትንሽ ይንኮሻኮሽና ዘፈኑ ይመጣል። በዘጠኝ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ አዳነ የዘፈን ነገር አይሆንለትም ነበር፤ መዶሻውን እንኳ በዘፈኑ ምት ስለሚመታ አባቴ «ማረሻ ነው የምትሠራው ወይስ እስክስታ?» ይሉት ነበር።

አርብ ሲሆን ግን ጨዋታ የለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ የምድጃው እሳት ይጠፋል፣ አምፑሉ ይጠፋል፣ ሬዲዮውም ይዘጋል፤ በአባቴ ዘንድ እነዚያ የሚቀሉ ብርጭቆዎች እሳት ነበሩና። በእኛ በአይሁዶቹ ሕግ ሰንበት አርብ ማታ አንዴ ከገባ እሳት ማንደድም ማጥፋትም አይቻልም። ሬዲዮውን መዝጋት የአዳነ ሥራ ነበር። አንድ አርብ፣ አባቴ ጸሎት ቤት ሄደው፣ እናቴም እሳቷን አጥፍታ ለሰንበት ገላዋን ልትታጠብ ወንዝ ወርዳ፣ አዳነም ለራሱ ሊታጠብ ከእሷ በኋላ ሲወጣ «አደራ፣ ፀሐይዋ ሳትገባ ዝጊው» ብሎኝ ሄደ። እኔ የሰባት ዓመቷ ልጅ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጥፌ፣ አንዲት ሴት በቀጭን ድምፅ ስለ ራቀባት ሰው ስታዜም እየሰማሁ፣ ይቺ ብቻ ትለቅ፣ ይቺ ብቻ ስል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ፀሐይዋ የለችም። እጄን ወደ ቁልፉ ዘረጋሁና መለስኩት።

አባቴ ሲመለሱ እናቴና አዳነ ቀድመው ገብተዋል፤ ጨለማው ቤት ውስጥ ሬዲዮው ይዘፍናል። «ማነው?» አሉ። አዳነ አንዴ ወደ እኔ አየና «እኔ ነኝ፣ ረስቼው ነው» አለ። አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ሬዲዮውን ሸፈኑት። ሬዲዮው ግን ከጋቢው ሥር ዘፈነ፣ ዜና አነበበ፣ ጣቢያው ሲዘጋም እየተንሿሿ አደረ። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ጋቢው መሽተት ጀመረ፤ ውስጡ አንድ ነገር ጧ አለና ለዘላለም ዝም አለ።

ሰንበት ሲወጣ አባቴ በእያንዳንዳችን ራስ ላይ እጃቸውን ጭነው ይመርቁን ነበር። ያን ዕለት አዳነን ዘለሉት። በሚቀጥለውም ሳምንት ዘለሉት። እሱ ይቅርታ ጠየቀ፣ እናቴም ሽማግሌ ላከች፤ አባቴ ግን እልኸኛ ነበሩ። እኔ በየሳምንቱ ልናገር አስባለሁ፣ በየሳምንቱ እፈራለሁ። እንዲህ እንዳለን በሱዳን በኩል ወደ ተስፋይቱ ምድር የመሄዱ ነገር መጣና ሁሉን ትተን በእግር ወጣን። ሱዳን መጠለያው ውስጥ አዳነን ትኩሳት ያዘው፤ በሦስተኛው ቀን አለፈ። መቃብሩ የት እንደሆነ ዛሬ ማናችንም አናውቅም።

አባቴ ፔታህ ቲክቫ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ እናቴም ከሞተች ቆየች። ዛሬም አርብ አርብ መብራቱን ሁሉ አጥፍተው ጨለማ ውስጥ ይቀመጣሉ። ጎረቤቶቹ ቀድሞ የበራ መብራት ቢቆይ እንደሚፈቀድ ሲነግሯቸው «በሰደር፣ ይሁን፣ ለእናንተ» ይላሉ። ፍሪጁን እንኳ የተዉልን በስንት ልመና ነው።

ያኮቭ ታሪኩን ስነግረው ሬዲዮውን «ውሰጂው» አለኝ፤ የዛሬ ስልክ የሚሰካበት ሽቦም ከጀርባው አበጀለት። ልጄ «ኢማ፣ ስፒከር እኮ አለ!» እያለ ቢስቅብኝም፣ ዜማውን ሳንጎራጉርለት ከስንት ፍለጋ በኋላ ያንኑ ዘፈን አገኘልኝ። አርብ ከሰዓት በኋላ አባቴ ቤት ወስጄ ስልኬን ሰካሁና ከፈትኩት። ሽታው ወጣ። ሴትዮዋ ማዜም ስትጀምር አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «ያን ዕለት ሳልዘጋው የቀረሁት እኔ ነኝ። አዳነ አልነበረም።»

ዘፈኑ አልቆ እንደገና ጀመረ። «ታዲያ አሁን ለምን ነገርሽኝ?» አሉ በመጨረሻ። «አሁን በማን ራስ ላይ እጄን ልጫን?»

ፀሐይዋ ከጊቫት ሽሙኤል ፎቆች ጀርባ ልትገባ ስትል እንደ ወጉ ልዘጋው ተነሣሁ።

«ተይው።»

«ሰንበት ሊገባ ነው እኮ፣ አባባ።»

«ተይው አልኩሽ።»

ወንበራቸውን ወደ ሬዲዮው ሳቡ፤ ያን ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረ መዳፋቸውን በሞቀው እንጨት ላይ ጫኑና ምርቃቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳይዘሉ አሉት። ቤቱ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ቅላት በቀር ብርሃን አልነበረም። እኔ በሩ ሥር ቆሜ አለቀስኩ።

ልጄ ስልኩ ላይ እንዳሳየኝ፣ ዘፈኑ አራት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እሱን እስኪያልቅ ለመስማት ብዬ ነው ወንድሜን ያለ ምርቃት የሸኘሁት።