ከበሩ ውጭ የቆመችው ሴት

የባለቤቴ አጎት ሠዓሊ ናቸው፤ ጉም በመሣል የሚስተካከላቸው የለም። ፍልሰታ በተፈታ ዕለት ለእህታቸው፣ ለአማቴ ማለት ነው፣ በዚያው ጾም የሣሉትን ሥዕል ይዘው መጡ። የመቐለው የድሮ ካቴድራል በክረምት ማለዳ። ጉልላቱ ብቻ ከጉሙ በላይ ወጥቷል፤ ዛፎቹ በግማሽ ይታያሉ። ዘመድና ጎረቤቱ ሥጋውን ትቶ ሥዕሉን ከበበ። እኔም ሞኟ አብሬ አደነቅሁ።

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል። አማቴ ጉሙንም ጉልላቱንም አላዩም። ጣታቸውን ከበሩ ውጭ ግንቡን ተደግፋ የቆመች ሴት ላይ አሳረፉ። ነጠላዋ ሰፊ አረንጓዴ ጥለት አለው። እናቴ ከጎንደር የላከችልኝ ነው፤ በሰፈሩ ሌላ ሰው የለውም።

"ጓለይ፣ ይህቺ አንቺ አይደለሽም?"

"እኔ ነኝ፣ ኣደይ።"

"ለምን አልገባሽም ታዲያ?"

እርጉዝ መሆኔን ሁሉም ያውቃል፤ እርጉዝ ሴት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ትገባለች። ደም የሚፈሳት ናት ውጭ ቆማ የምትሳለም። ከባሌ ጋር አድሬ ነው እንዳልል ጊዜው ጾም ነው፣ እሱም ለሥራ አዲስ አበባ ከርሟል። ፅንሱ በጾሙ መጀመሪያ ወርዶብኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ባሌ ሲመጣ፣ ሁለታችን ብቻ ሆነን፣ እጁን ይዤ ልነግረው ነበር። ከዚያ በኋላ የፈለገው ይምጣ፤ እኔ የፈለግሁት ያቺን አንዲት ሰዓት ብቻ ነው።

አንዷ ጎረቤት "ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" ብላ ወደ ሥጋዋ ተመለሰች።

አማቴ ባሌ ጋ ደወሉና የስልኩን ድምፅ ለሁሉም ከፈቱት። ከልጃቸው ጋር በአማርኛ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ያን ቀን በአማርኛ ያወሩት አንድም ቃል እንዳያመልጠኝ ነው።

"ወደይ፣ ሚስትህ ስታሞኘን ከረመች። እኔ የሕፃን ልብስ እሰበስባለሁ፣ እሷ ደጅ ቆማ ትውላለች! ማህፀኗ ባዶ ነው።"

"እኔ የሣልሁት ጉሙን ነው" አሉ አጎትየው ብርጭቋቸውን እያዩ። ማንም አልሰማቸውም።

ባሌ "እሷ ደህና ናት?" እስኪል ጠበቅሁ። እኔ መቼም ሞኝነቴ አያልቅም።

"ሰብ ሰሚዑ ድዩ?" አለ። ሰው ሰምቷል ወይ ማለቱ ነው።

ስልኩን ከእናቱ እጅ ነጠቅሁ።

"ሁሉም ሰምቷል" አልሁት። "የቀረኸው አንተ ነህ። ስማ፤ ልጃችን ሞቷል።"