ግድግዳው ላይ የቀሩት መዶሻዎች

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጩኸቱ ራሴን አዞረኝ። ቦታው መደበር የሚሉት የቀጥቃጮች ሰፈር ነው፤ በርሜል ይቀደዳል፣ ብረት ይቀጠቀጣል፣ ወፍጮ ያጓራል። «ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ» ብለው ሲቀጥሩኝ ጠረጴዛና ጸጥታ የሚጠብቀኝ መስሎኝ ነበር። ወይ የዋህነት! የቁጠባና ብድር ማኅበሩ ያለው አንዲት ክፍል፣ አንድ የብረት ሣጥንና አንድ አግዳሚ ወንበር ነው። እኔንም የፈለጉኝ ለሌላ አይደለም። ፌዴሬሽኑ ከፈረሰ ወዲህ ደብዳቤው ሁሉ በአማርኛ ይሁን ስለተባለ፣ አማርኛ ተምሮ የሚጽፍ ሰው ቸግሯቸው ነው።

ግድግዳው ላይ ምስማር በረድፍ ተመትቷል። የልብስ መስቀያ ነው ብዬ ነጠላዬን ሰቀልኩበት። ሊቀ መንበሩ አቶ ዘርአይ፣ ቆርቆሮ ነጋዴ ናቸው፣ «አንሺው፣ እሱ የዋስ ቦታ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባላቱ በየሳምንቱ ይቆጥባሉ፤ የሚበደሩትም ከዚያው ነው። ሌላ መያዣ የለም። የተበዳሪው ዋስ እሑድ በጉባኤ ፊት መዶሻውን ያስረክበኛል፤ እሰቅለዋለሁ፤ ሰኞ ማለዳ መጥቶ ይወስዳል። በቃ፣ ውሉ ያቺ ሌሊት ናት። ሰኞ ባዶ እጁን ሲመጣ ያየው ሁሉ «ለማን ዋስ ሆንክ?» ይለዋል። ስሙ እንዲህ ተጠርቶ ማን ደፍሮ ዕዳ ያስቀራል? በዚያ ዘመን የጠፋ ብድር አላስታውስም።

ከሁሉ ይልቅ ዋስ የሚሆኑት ማረሻ ሠሪው አቦይ ተስፉ ነበሩ። የመዶሻቸው እጀታ ወይራ ነው፤ ከሥራ ብዛት የጣታቸውን ቅርጽ ይዟል። እኔን «ጓለይ»፣ ልጄ እንደማለት፣ ይሉኛል። ከባዷን መዶሻ በሁለት እጄ ስሸከም እያዩ፣ «ጓለይ፣ ምሳ አልበላሽም እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኝ ነበር።

ከጊዜ በኋላ አቶ ዘርአይ ማኅበሩን ማሳደግ አማራቸው። ከከተማው ዋና ጎዳና፣ ኮምቢሽታቶ፣ ካለ አንድ ባንክ ተበድረው መጡ። ወረፋ ይጠብቅ የነበረው ሁሉ ባንዴ ተበደረ። የአቦይ ተስፉ ጎረቤት ርእሶምም የኤሌክትሪክ ወናፍና ቆርቆሮ ሊገዛ ከፍ ያለ ገንዘብ ወሰደ፤ ዋሱ እሳቸው ሆኑ። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፤ ያን ጊዜ ግን የተናገረ የለም፣ እኔም ጭምር።

የባንኩ ሹም ሊያየን መጣ። ከአዲስ አበባ የተላከ፣ ሰው አክባሪ ወጣት ነው። መያዣችሁ ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ፤ ምስማሮቹን አሳየነው። በትሕትና «ሰኞ የሚመለስ መያዣ፣ መያዣ አይደለም» አለ። ኮሚቴው ተሰብስቦ መዶሻው ዕዳው እስኪያልቅ ይሰቀል ብሎ ወሰነ። ጉባኤው አጨበጨበ። ገበያው ደኅና ስለነበር ጥቂት ወር በተውሶ መዶሻ እንዘልቃለን ብለው ነው።

ከዚያ በጦርነቱ የተነሣ የቆላው መንገድ ተዘጋ። ወታደር በዛ፤ ከሰል መምጣቱን አቆመ፤ ማረሻ የሚገዛው ገበሬ ከተማ መግባት ፈራ። በከተማው የነበሩት ጣልያኖችም ጋራዣቸውን እየሸጡ ሲሄዱ ቁርጥራጭ ብረት ጠፋ። ቆጣቢው መቆጠቡን ትቶ ያስቀመጠውን ይጠይቀኝ ጀመር፤ ባንኩ ደግሞ የራሱን ይጠይቃል። ርእሶም አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ድንበር ተሻግሮ ወደ ከሰላ ሄደ። ዕዳው አቦይ ተስፉ ላይ ወደቀ።

ክረምት ሲቃረብ ከቅርብ መንደር ጥቂት ገበሬዎች ማረሻ ፈልገው እንደምንም መጡ። አቦይ ተስፉ መዶሻቸውን ለአንድ ሳምንት እንድሰጣቸው ለመኑኝ። የተዋሱት መዶሻ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆኖባቸው፣ ትከሻቸው አብጦ ነበር። ሊቀ መንበሩ ዘንድ ሄድኩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የራሳቸውም ሱቅ ባዶ ሆኖ ነበር። «ለሳቸው ከሰጠሁ ለሁሉም ልሰጥ ነው። ባንኩን ምን ልበለው?» አሉኝ። ገበሬዎቹ ሌላ ሰው ዘንድ ሄዱ።

ክረምቱ ሳይወጣ አቦይ ተስፉ በመሐረብ የተቋጠረ ገንዘብ ይዘው መጡ። ዕዳውን አንድ ሳያስቀሩ ከፈሉ። ደረሰኝ ጽፌ መዶሻውን አወረድኩላቸው። ደስ ብሎኝ፣ «እሰይ! ነገ ድምፁን እሰማዋለሁ» አልኩ።

እጀታውን በአውራ ጣታቸው ጠረጉ። «ምን ላይ ልመታ፣ ጓለይ? መስፉን ሸጥኩት» አሉ።

መስፍ ማለት ብረቱ የሚቀጠቀጥበት ነው፤ ያለሱ ቀጥቃጭ የለም። ለምን እንዲህ አደረጉ አልኳቸው።

«ሰው ፊት ዋስ ነኝ ብዬ የሰጠሁት ነው። ሳላወርደው ልሙት?»

የቐንየለይ ብለው፣ አመስግነውኝ ወጡ። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

አቦይ ተስፉ ማይ ጭሆት በሚባለው ሰፈር አንድ መኮንን ቤት ዘበኛ ሆኑ። በዚያ ሳልፍ መዶሻዋን ከወንበራቸው ሥር አያት ነበር። ሌሎቹ ግን እንደሳቸው የሚሸጥ አላገኙም። ማኅበሩ ሲፈርስ ባንኩ የብረት ሣጥናችንን ወሰደ፤ መዶሻዎቹን አልፈልግም አለ። ለየባለቤቱ ልመልስ ዞርኩ፤ የሚበዙት ሱቆች ተዘግተው አገኘኋቸው።

አሁን በየማኅበሩ ገንዘብ ያዥ የሆናችሁ ምን ትመክሪናለሽ ትሉኛላችሁ። ከአባላቱ ቁጠባ በላይ አታበድሩ። ሰው የሚሠራበትን ዕቃ ደግሞ በመያዣ አትቀበሉ፤ የሚከፍላችሁ በሱ ሠርቶ ነው።